ከሩቅ የመጣ አስተማሪ

አዳማ መንገድ እንጂ ኮሌጅ አልነበራትም። የጅቡቲ ባቡር ይቆምባታል፤ ወደ ሐረርም ወደ አሰላም የሚሄድ መኪና ያልፍባታል። በ1946 ዓ.ም ወንጂ ላይ የሆላንዶቹ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ቆቃ ላይ የአዋሽ ውኃ ተገድቦ መብራት ሆነ። ስኳሩም መብራቱም ከዚህ እየተነሣ ወደ አዲስ አበባ ይሄድ ነበር፤ ትምህርት የሚሻ ልጅም እንዲሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም በሩን ከከፈተ በኋላ፣ ከመቂ፣ ከዝዋይ፣ ከመተሐራ፣ ወይም እኔ ካደግሁባት ከደራ የተነሣ ተማሪ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ቢያልፍ ሻንጣውን አስሮ መሄድ ነበረበት። ማለፍ ያልቻለው፣ አልፎም ቤተሰቡን ጥሎ መሄድ ያልሆነለት፣ እዚያው ይቀራል። ይህ ታሪክ ስለ ቀሩት ነው፤ ትምህርት ከሩቅ ተነሥቶ እነሱ ወዳሉበት ለመድረስ ስለሞከረባቸው ዓመታት።

ከሩቅ የሚመጣው ትምህርት ወደ ቤታችን መጀመሪያ የገባው በሬዲዮ ነበር። ሐምሌ 1971 ዓ.ም የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ፤ ቀስ በቀስም እስከ 15 በሚደርሱ ቋንቋዎች ማስተማር ቻለ። ሬዲዮ ዘመቻውን ያግዝ ነበር። እናቴ ስሟን መጻፍ የተማረችው ያኔ ነው። ሬዲዮው ምን ይል እንደነበር ብጠይቃት አታስታውስም። እጇን ይዞ እርሳስ ያስጨበጣትን ዘማች ግን እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራዋለች፤ ዳቦ ስትጋግር ለእሱ ታስቀር እንደነበርም ትነግረናለች።

ያኔ ናዝሬት በምትባለው አዳማ ላይ የቴክኒክ ኮሌጅ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። ግቢው ኋላ አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዚያም በ2003 ዓ.ም አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ኮሌጁ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነበር፤ ሆኖም የሚቀበለው ተማሪ ቁጥር የተወሰነ ነው። ለሌላው ሕዝብ ሌላ መንገድ ያስፈልግ ነበር።

በ1989 ዓ.ም፣ በጥር ወር፣ ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ገባ። በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ የዓለም ባንክ የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ሙከራ ጀመረ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በአሜሪካና በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ትምህርት በሳተላይት እየተላከ አፍሪካ ውስጥ በአንድ ክፍል ለተሰበሰቡ ተማሪዎች ይታይ ነበር። ዛሬ ስናየው የኦንላይን ኮርስ ታላቅ ወንድም ይመስላል፤ ትምህርቱን ለመቀበል ግን የሳተላይት ሳህን፣ አዳራሽና ብዙ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። በእነዚያ ዓመታት አዳማ ውስጥ ኢንተርኔት ቤት የገባ ሰው አንድ ኢሜይል እስኪከፈትለት በደቂቃ የሚቆጠርበትን ሒሳብ እያየ ይጨነቅ ነበር። ንግግር በቪዲዮ ማየት በሐሳቡም አይመጣም።

ወደ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች የደረሰው የርቀት ትምህርት ከዚህ ሁሉ ይልቅ ቀላል ነገር ይዞ መጣ፦ ወረቀት።

በ1993 ዓ.ም አቶ ድንቁ ደያሳ አዳማ ላይ ሪፍት ቫሊ ኮሌጅን መሠረቱ፤ ዛሬ ሪፍት ቫሊ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። አዳማ የኦሮሚያ ክልል መንግሥት መቀመጫ ሆና በነበረችባቸው በእነዚያ ጥቂት ዓመታት ከተማዋ በመሥሪያ ቤትና በሠራተኛ ተሞላች፤ ሠራተኛው ደግሞ ዲፕሎማና ዲግሪ ይፈልጋል። የማታ ትምህርት፣ የቅዳሜና እሑድ ትምህርት፣ የርቀት ትምህርት ሁሉም ገበያ አገኙ። አዲስ አበባ የተነሡት ቅድስት ማርያምና አልፋ የሚባሉት የግል ኮሌጆች በየክፍለ ሀገሩ የርቀት ትምህርት ማዕከል ከፈቱ። ሰው «ዲስታንስ እየተማርኩ ነው» ማለት ጀመረ፤ ሞጁል፣ ቱቶሪያልና አሳይመንት የሚሉት ቃላትም ከዚያ ወዲህ የገጠር መምህር ቤት ውስጥ የሚሰሙ ሆኑ።

ታላቅ እህቴ ያኔ ከደራ ወጣ ባለች ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ታስተምር ነበር። ዲፕሎማ ለመያዝ ዲስታንስ ተመዘገበች። ሞጁሉ ሽፋኑ ስስ፣ ፊደሉ ደቃቅ፣ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። በየምዕራፉ መጨረሻ ራስን መፈተሻ ጥያቄ አለ፤ መልሱ ደግሞ ከመጽሐፉ መጨረሻ። ማታ ልጆች ከተኙ በኋላ ታነባለች፤ ያልገባትን ገጽ በክብሪት እንጨት ምልክት ታደርግበታለች። ቱቶሪያል የሚሰጠው በሴሚስተር ጥቂት ቅዳሜዎች ስለነበር፣ እነዚያ ቀኖች ሲደርሱ ማለዳ በደራ መናኸሪያ ሞጁል በብብታቸው የያዙ መምህራን ይሰበሰቡ ነበር። አዋሽ መልካሳን አልፈው አዳማ እስኪገቡ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ክርክር ነው፤ አንዱ ያልገባውን ሌላው ያስረዳል፣ ሌላው የተሳሳተውን ሦስተኛው ያርማል። እህቴ እስከ ዛሬ «እኔ የተማርኩት መኪና ላይ ነው» ትላለች፤ እኔም አምናታለሁ። ቱቶሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሞጁሉን ጮክ ብሎ አንብቦ የሚሄድበት ቀን ነበር። ያልገባቸውን ገጽ ጠይቆ ጠመኔ አንሥቶ የሚጀምር ሲያጋጥም ደግሞ በክብሪት እንጨቱ ቁጥር ልክ ጥያቄ ይዘንብበታል።

ችግሩም ብዙ ነበር። አንድ ጊዜ የአንድ ሴሚስተር ውጤቷ ጠፋ። ፈተናውን ተቀምጣለች፣ የፈረመችበት ወረቀት አለ፣ ውጤቱ ግን የለም። ከደራ አዳማ ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፤ በሦስተኛው ፈተናውን ደግመሽ ተቀመጪ ተባለች። ተቀመጠች። ከሩቅ የሚሰጥ ትምህርት ከሩቅ በሚሠራ መዝገብ ላይ እንደተንጠለጠለ ያየሁት ያኔ ነው።

እኔ ዘጠነኛ ክፍል የገባሁት ፕላዝማ በመጣበት ዓመት፣ በ1997 ዓ.ም ነው። መንግሥት በመላ አገሪቱ ላሉ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ወደ ፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚተላለፍ ትምህርት አዘጋጀ፤ ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነበር። በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ደቂቃ፣ ጎንደርም ጂንካም ነቀምትም ደራም ያለ ተማሪ አንድ ዓይነት ትምህርት ያያል። አስቡት፤ ብዙኃን የሚማሩበት የኦንላይን ኮርስ በዓለም ላይ ስሙ ሳይወጣለት በፊት አንድ አስተማሪ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ የሚናገርበት ሥርዓት እኛ አገር ተዘርግቶ ነበር። ስለ ብዙኃን የኦንላይን ትምህርት ታሪክ የሚጽፉ የውጭ ሰዎች ይህን ምዕራፍ ብዙ ጊዜ አለማንሣታቸው ያሳዝነኛል፤ ብዙ ያስተምራቸው ነበርና።

ቴሌቪዥኑ በብረት ሳጥን ተቆልፎ ከሰሌዳው ጎን ተሰቅሏል። ደወል ሲደወል መምህራችን ቁልፉን ይዞ ይሮጣል። የምታስተምረው ሴት እንግሊዝኛዋ ፈጣንና ለጆሯችን እንግዳ ነው፤ ጥያቄ ትጠይቅና ሰከንዶች ይቆጠራሉ፤ እኛ ጥያቄውን ገና ስንተረጉም «በጣም ጥሩ» ብላ ታልፋለች። መብራት ከጠፋ ያ ትምህርት ሄደ። ስርጭቱ ማንንም አይጠብቅም፤ ሲመለስ ሌላ ምዕራፍ ላይ ነው።

የፊዚክስ መምህራችን ግን መላ አበጀ። የፕላዝማውን መመሪያ መጽሐፍ ከዋዜማው ያነብና፣ በማግሥቱ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ፈቃደኛ የሆነውን ተማሪ ሰብስቦ የቀኑን ትምህርት በጠመኔ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያስረዳናል። ከዚያ በኋላ ፕላዝማው ሲከፈት ያቺ ሴት የምትናገረው ይገባን ጀመር። በላቦራቶሪ የምታሳየውን ሙከራ፣ እኛ ትምህርት ቤት ፈጽሞ የማናገኘውን ዕቃ፣ በጉጉት እናይ ነበር። ያ ሰው ተጨማሪ ሰዓት የሚከፈለው አልነበረም። በሌላው የትምህርት ዓይነት ግን መምህሩ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቀረ፤ ክፍሉም ፕላዝማው እስኪያልቅ ያወራ ነበር። ሳጥኑ አንድ፣ ስርጭቱ አንድ፣ ተማሪውም እኛው ነበርን።

በዚሁ ዘመን ሕንድ ወደ አፍሪካ የሚዘልቅ የኤሌክትሮኒክስ መረብ ዘረጋች። እ.ኤ.አ. በ2007 በተጀመረው ሙከራ የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ 34 ኢትዮጵያውያንን፣ ግማሾቹን ከአዲስ አበባ ግማሾቹን ከሐረማያ፣ በንግድ አስተዳደር ለሁለተኛ ዲግሪ አስተማረ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ግን ከደልሂ የሚያስተምር ፕሮፌሰርን ሐረማያ ተቀምጦ መጠየቅ እንደሚቻል ታየ።

ከዚያ ነሐሴ 2002 ዓ.ም መጣ። ትምህርት ሚኒስቴር የርቀት ትምህርትን አገደ፤ የግል ተቋማትም የመምህርነትና የሕግ ትምህርት እንዳይሰጡ ተከለከሉ። የተሰጠው ምክንያት የጥራት ጉድለት ነበር። ጉድለቱ በእርግጥ ነበር፤ እህቴ የጠፋ ውጤቷን ይዛ ልትመሰክር ትችል ነበር። ዳሩ ግን በቤቱ ያለውን ገንዘብ አራግፎ የተመዘገበው ሰው በአንድ መግለጫ መሐል መንገድ ላይ ቀረ። ተቋማቱ አቤት ብለው፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የርቀት ትምህርቱ እገዳ በቅድመ ሁኔታ ተነሣ። እህቴ ዲፕሎማዋን ያገኘችው በመጨረሻ በክረምት ትምህርት ነው፤ ለሁለት ወር ልጆቿን ለእናታችን ትታ፣ ሻንጣዋን አስራ። የሞጁሎቹ ክምር ግን እስከ ዛሬ ቁም ሣጥኗ ላይ አለ።

እኛ ዘንድ የርቀት ትምህርት በር ሲዘጋና ሲከፈት፣ በሌላው ዓለም አንድ ነገር እየተጠነሰሰ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የትምህርት ማስታወሻዎቹን በሙሉ በነፃ በኢንተርኔት እንደሚለቅ አስታወቀ። በ2008 ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ የተባሉ ሁለት ካናዳውያን ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለ25 ከፋይ ተማሪዎች ያዘጋጁትን ኮርስ ለማንም ክፍት አደረጉት፤ ከ2,000 በላይ ሰው ተቀላቀላቸው። ዴቭ ኮርሚየር ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ስም አወጣለት፤ በምሕጻር «ሙክ» ይባላል፣ ብዙኃን የሚማሩበት ክፍት የኦንላይን ኮርስ ማለት ነው። በ2011 መጸው ሴባስቲያን ትሩንና ፒተር ኖርቪግ በስታንፎርድ የሚሰጡትን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኮርስ በኢንተርኔት ለቀቁት፤ ከዓለም ዙሪያ 160,000 ሰው ተመዘገበ። በማግሥቱ ዓመት ትሩን ዩዳሲቲን መሠረተ፤ የስታንፎርድ ባልደረቦቹ አንድሩ ንግና ዳፍኒ ኮለር ኮርሴራን፤ ሐርቫርድና ኤምአይቲ ደግሞ በጋራ ኤድኤክስን። ኒውዮርክ ታይምስ 2012ን የሙክ ዓመት ብሎ ሰየመው።

በዚያ ዓመት ኤምአይቲ በሰጠው የመጀመሪያ የኤሌክትሪክ ሰርኪት ኮርስ ወደ 155,000 ሰው ተመዝግቦ ያለፈው 7,157 ብቻ ነው። ሙሉ ነጥብ ካገኙት 340 ሰዎች አንዱ ባቱሺግ የሚባል የ15 ዓመት ሞንጎሊያዊ ነበር፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። ከዜናው ጀርባ ያለው ነገር ግን እኔን ይበልጥ ይስበኛል። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ራሱ ኤምአይቲ የተማረ ሰው ነበር፤ ኮርሱን ለልጆቹ ያመጣው እሱ ነው። ከስታንፎርድም አንድ ወዳጁ የላቦራቶሪ ዕቃ በሻንጣ ይዞ ኡላን ባቶር ድረስ ሄዶ ከተማሪዎቹ ጋር ሠርቷል። ያ ልጅ ሊቅ ነው፤ ብቻውን ግን አልነበረም። ርዕሰ መምህሩ የፊዚክስ መምህሬን ያስታውሰኛል።

እዚህ ላይ ወደ እኛው ሰፈር እንመለስ፤ በዚያው ዓመት፣ አዳማ ጋራ ላይ የመጀመሪያዎቹ የነፋስ ተርባይኖች መዞር በጀመሩበት ሰሞን፣ ከኤምአይቲ የመጣ ሌላ ሙከራ አጠገባችን ይካሄድ ነበርና።

ወለንጪቲ ለአዳማ ሰው ሩቅ አገር አይደለችም። ወደ መተሐራ በሚወስደው መንገድ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ የሚያስኬድ፣ ነፋሻ፣ አቧራማ፣ ዝናብ ሲቀር ቶሎ የሚጎዳ አገር ነው። የኤምአይቲ ሚዲያ ላብ መሥራች የነበረውና ለያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለውን ድርጅት ያቋቋመው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፣ ሙከራውን ለማካሄድ ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮችን መረጠ፦ አንዷ በእሳተ ገሞራው ሐይቅ አፋፍ ያለችው ወንጪ፣ ሌላዋ በስምጥ ሸለቆው ያለችው ወለንጪቲ። በየመንደሩ የአንደኛ ክፍል ዕድሜ ያላቸው 20 ያህል ልጆች ነበሩ፤ ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ የተጻፈ ቃል በአካባቢያቸው የማያዩ። በታሸገ ሳጥን ውስጥ የሞቶሮላ ታብሌቶች ተሰጣቸው። ታብሌቶቹ በፀሐይ ኃይል ይሞላሉ፤ አዋቂዎቹ መሙላቱን እንዲያውቁ ተደረገ፤ ልጆቹን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ኢንተርኔት አልነበረም። በየሳምንቱ አንድ ሰው መጥቶ ሜሞሪ ካርዱን ይቀይርና ልጆቹ ምን እንደነኩ የተመዘገበበትን ይዞ ይሄዳል።

ኔግሮፖንቴ ውጤቱን በጥቅምት 2005 ዓ.ም ኤምአይቲ ባዘጋጀው ስብሰባ ላይ ተናገረ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ሳጥኑን ከመክፈት አልፎ ማብሪያውን አግኝቶ አበራው። በአምስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያዎችን ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር በመንደሩ ይዘመር ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የተሰጣቸውን ካሜራ ከፈቱት፤ የተቆለፈውን የስክሪን ገጽታም እያንዳንዱ እንደወደደው ቀየረው።

ዜናው ሲደርሰን እኔ አዳማ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በካፌ ያሉ ሰዎች ተደነቁ፤ አንዳንዱ ኩራት ተሰማው፣ አንዳንዱ ልጆቻችንን መሞከሪያ አደረጓቸው ብሎ ተቆጣ። እኔ ሁለቱም ተሰማኝ። የፊደል መዝሙር መዘመር ማንበብ አይደለም፤ ዘፈኑ በእንግሊዝኛ፣ ልጆቹ ኦሮምኛ ተናጋሪ ናቸው። በቤታቸው ቋንቋ የሚያነቡት አንድ ገጽ ቢሰጣቸው ምን ያህል ርቀው ይሄዱ ነበር? ይህን ጥያቄ ዛሬም አልተውኩትም። ወሬው ሁሉ «ያለ አስተማሪ ተማሩ» የሚል ነበር። በዚህ አልስማማም። ሃያ ልጆች ከአንድ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አንዱ ያገኘውን ለሌላው ሲያሳይ፣ ሌላው ሲቀማና ሲጨምርበት፣ በዚያች መንደር ሃያ አስተማሪ አለ። የደራውን ሚኒባስ ያየ ሰው ይህን ይለየዋል።

የሙክ ደስታ በዓለም ላይ ብዙ አልቆየም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዩዳሲቲ ከሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር የሞከረው ትምህርት አሳፋሪ ውጤት አመጣ፤ በክፍል ከሚማሩት ይልቅ በኦንላይን የተማሩት በብዛት ወደቁ። ትሩን ራሱ የሠራነው ነገር ጥሩ አልነበረም ብሎ ለመጽሔት ተናገረ። ኮርስ ከጀመሩት መካከል የሚጨርሰው ከአሥሩ አንድ እንኳ እንደማይሞላ ጥናቶች ደጋግመው አሳዩ፤ ከሚጨርሱትም ብዙዎቹ ዲግሪ ያላቸው የበለጸጉ አገሮች ሰዎች ነበሩ።

አዳማ ውስጥ ግን ወሬው የደረሰው ሌላው ዓለም ሲደክመው ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዳታ ውድ ነበር፣ ኔትወርኩም ይጠፋል። በ2008 ዓ.ም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጣና ፈተናው ተሰረዘ፤ በተከታዩ ዓመት በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። በአንድ በኩል ኮርስ ለማየት የሚሻ ተማሪ፣ በሌላ በኩል ፈተና ለመጠበቅ የሚዘጋ መስመር። ነሐሴ 2010 ዓ.ም ኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን 43 በመቶ ሲቀንስ ነገር ተለወጠ። እውነተኛው የሙክ ዘመን በእኛ ዘንድ የጀመረው ያኔ ነው ብዬ አምናለሁ።

የጀመረበት መንገድም የራሱ ነው። ኮርሴራ ላይ ትምህርቱን ማየት ይቻል ነበር፤ ሰርተፍኬት ግን በዶላር ነበር፣ በካርድ። አዳማ ውስጥ የውጭ ክፍያ የሚፈጽም ካርድ ያለው ተማሪ ከየት ይመጣ ነበር? ስለዚህ ልጆቹ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ መጻፍ ተማሩ፤ ለምን እንደሚያስፈልጋቸው በእንግሊዝኛ አብራርተው 15 ቀን ይጠብቁ፣ ሲፈቀድላቸው በቴሌግራም «ተቀበሉኝ!» ብለው ይጽፉ ነበር። አንዱ ሌሊት በቅናሽ ፓኬጅ ቪዲዮ ያወርዳል፣ በማግሥቱ በፍላሽ ይዞ ለዶርም ጓደኞቹ ያከፋፍላል። በወለንጪቲ በየሳምንቱ ይቀየር የነበረው ሜሞሪ ካርድ እዚህም በሌላ መልኩ ቀጠለ። ቴሌግራም ደግሞ ትልቁ ቤተ መጻሕፍታቸው ሆነ፤ እዚያ የሚዞረው ሁሉ የባለቤቱ ፈቃድ ያለው አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ግን የተማሩት በዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2019 ኤምሬ ቫሮል የተባለ ቱርካዊ የሶፍትዌር ባለሙያ ኤቱኤስቪ የሚባለውን ሥልጠና ጀመረ፤ ከተማሪዎቹም መካከል የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ነበሩ። የሚማሩት ነገር በኢንተርኔት ላይ በነፃ የሞላ ነው፤ አልጎሪዝም፣ የመረጃ አደረጃጀት። ለውጥ ያመጣው አማማራቸው ነው። በቡድን ተከፍለው በየቀኑ ጥያቄ ይፈታሉ፣ ቀድሞ የገባው አዲሱን ያስተምራል፣ የቀረ ሰው ይፈለጋል። ከእነዚህ ልጆች ጉግልን በመሳሰሉ ኩባንያዎች ለልምምድና ለሥራ የገቡ አሉ። የአዳማ ልጅ ከአዳማ ሳይወጣ ለዚያ መብቃቱን ስሰማ እናቴ ቤት ሄጄ ነገርኳት። «ማን አስተማራቸው?» አለችኝ። ከእሷ ሌላ ጥያቄ አልጠበቅሁም።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ተነገረ፤ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ወደየቤታቸው ተላኩ። የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት በኦንላይን እንዲቀጥል ተጠየቀ። ዓለም ሁሉ ወደ ኦንላይን ኮርስ የጎረፈበት ወቅት ነበር። እኛ ዘንድ ግን ሰኔ 22 ሌሊት አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ በማግሥቱ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ተዘግቶ ቆየ። ኮርስ የጀመሩት ልጆች የቤት ሥራቸው ጊዜ አለፈባቸው፤ ያ ዘመን በሐዘንም በዝምታም ከባድ ነበር። መስመሩ ሲመለስ አንዳንዶቹ ከዜሮ ጀመሩ፤ ብዙዎቹ አልተመለሱም።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ የተቋማት ሥራ ሆነ። እ.ኤ.አ. ከ2022 አንሥቶ ትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን፣ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ሻያሾኔ ከሚባል ድርጅት ጋር 50 የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያካትት የኦንላይን ትምህርት ፕሮግራም ጀመረ፤ ዕቅዱ 800,000 ተማሪዎችና 35,000 መምህራን ዘንድ መድረስ ነበር። መምህራኑን በዕቅዱ ማስገባታቸው ደስ ይለኛል፤ በፕላዝማው ዘመን የተረሳው ይህ ነበር። በዚያው ዓመት ሳፋሪኮም ሥራ ሲጀምር ሁለተኛ ኔትወርክ መጣ፤ ሁለት ሲም ካርድ የያዘ ተማሪ አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይቀጥላል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭን ይፋ አደረጉ። እስከ እ.ኤ.አ. 2026 ድረስ አምስት ሚሊዮን ወጣቶች በኦንላይን፣ በነፃ፣ ፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራ፣ የዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረት እንዲማሩ ታቅዶ ነበር። ኮርሶቹ የቀረቡት በዩዳሲቲ ነው፤ ትሩን ከዚያ የ160,000 ሰው ክፍል በኋላ የመሠረተው ያው ዩዳሲቲ። በ13 ዓመት ውስጥ ከስታንፎርድ ተነሥቶ፣ ወድቆ፣ ተነሥቶ፣ ደራ ደረሰ። የእህቴ ትንሿ ልጅ ተመዝግባለች። እናቷ የሞጁል ክምሯን ካስቀመጠችበት ቁም ሣጥን ሥር ተቀምጣ በስልክ ትማራለች፤ ያልገባትን ስክሪን ፎቶ አንሥታ ቴሌግራም ላይ ለአዳማ ጓደኛዋ ትልካለች። መብራት የጠፋ ማታ እህቴ መጥታ አጠገቧ ትቀመጣለች። ኮዱ አይገባትም፤ እንግሊዝኛውን ግን አብራት ታነባለች።

በወለንጪቲ ሳጥን የከፈቱት ልጆች በ2005 ዓ.ም አንደኛ ክፍል ገብተው ሳያቋርጡ ተምረው ከሆነ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሱት በዚሁ በ2016 ነው። በዚያ ዓመት፣ በዚያው በሐምሌ ወር፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በከፊል በኮምፒውተር ተሰጠ።